«የቱ ቫይረስ?»

አልማዝ ባለጭራ የያዘችኝ ጾመ ፍልሰታ በገባ በሁለተኛው ቀን ነው። ይህን ስጽፍ የሰው ስም ላልጠራ ቃል ገብቻለሁና በስሟ የምትጠራው እሷ ብቻ ናት፤ እሷም ሰው ሳትሆን በሽታ ናት። ለማያውቃት ላስተዋውቃት፦ ከጀርባ ተነስታ በአንድ ጎን ብቻ ዞራ ጡት ሥር የምትደርስ፣ ውሃ የቋጠሩ ፍንጣቂዎች የተደረደሩባት መቀነት የመሰለች ሽፍታ ናት። እንደ ካውያ ታቃጥላለች። ካውያ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ አውቃለሁ፤ ጁባ ከመጣሁ ጀምሮ ሥራዬ የሆቴል አንሶላ መተኮስ ነው።

መጀመሪያ ያየችብኝ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ናት። ጉዴሌ በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን፣ መሐሉን በመጋረጃ ከፍለን እንኖራለን፤ እሷ እዚያው እኔ የምሠራበት ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ናት። እሷ ጴንጤ ናት፣ እኔ ኦርቶዶክስ። በጾም ቀን ሽታው እንዳይፈትነኝ እንቁላሏን ውጭ ወጥታ ትጠብሳለች። እኔም የእሷ መዝሙር ሲጀመር ድስት ላጥብ እወጣለሁ። በጸሎት ነገር ግን አንስማማም። እሷ ጮክ ብላ ነው የምትጸልየው፤ እኔ በለሆሳስ።

«እትዬ፣ እንዲህ እያንሾካሾክሽ እግዚአብሔር ይሰማኛል ብለሽ ነው?» ትለኛለች።

«እኔን እሱ ይሰማኛል። አንቺን ግን ጎረቤቱም ሁሉ ይሰማሻል» እላታለሁ።

ያን ቀን ጠዋት የቀሚሴን ዚፕ ልትዘጋልኝ መጥታ እጇ መንገድ ላይ ቀረ።

«አልማዝ ናት» አለች።

«የቷ አልማዝ?»

«ባለጭራዋ።»

ዕለቱኑ «ጁባ ና ባሪ» በሚባል ሰፈር ወዳለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ይዛኝ ሄደች። ዶክተሯ የዚሁ አገር ሰው ናት፤ በስደት ዘመን ጋምቤላ ያደገች፣ ሕክምናውንም እኛው አገር የተማረች። አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል፤ ግን «እርስዎ» የሚባል ነገር የለበትም። ሽማግሌውንም ሕፃኑንም «አንተ» ነው የምትለው። ጎኔን አየችና ገና ሳልናገር ራሷን ነቀነቀች።

«ልጅ ሆነሽ ጉድፍ ወጥቶብሽ ያውቃል?»

«አዎ ዶክተር።»

«ያው ቫይረስ ነው። ያኔ ለቆሽ አልሄደም፤ ነርቭሽ ውስጥ ተኝቶ ኖረ። አሁን ደከም ስትዪ ነቃ።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ያለ ኪራይ?»

«ያለ ኪራይ» ብላ ሳቀች። የሰባት ቀን ኪኒን ሰጠችኝ፤ ሽፍታው እስኪደርቅ ሸፍኜ እንድይዘው፣ ከእርጉዝና ከጨቅላ ሕፃን እንድርቅ ነገረችኝ። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ትድኛለሽ» አለችኝ፤ ችግር የለም ማለቷ ነው።

ልጅቷ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ከሰማችው ሁሉ ይዛ የወጣችው ግን አንዲት ቃል ነው።

በአማርኛ ነገሩ እንዲህ ነው። ጉንፋንም ቫይረስ ነው፣ ኩፍኝም ቫይረስ ነው። ነገር ግን አንዲት ሴት «ቫይረስ አለባት» ከተባለ «የጉንፋን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልተፈጠረም። ቫይረስ ማለት አንድ ነው፤ ኤች አይ ቪ ነው። ይህን ሳውቅ የኖርኩ ሴት፣ በራሴ ላይ ሲመጣ ግን ለማስተዋል አንድ ሳምንት ፈጀብኝ።

መጀመሪያ የሆቴሉ ባለቤት፣ ሰው ቁጭ ሲል ማየት የማይወዱት ሴትዮ፣ መተኮሻ ክፍሌ ድረስ ወንበር አስላኩልኝ። ቀጥሎ ከወጥ ቤቱ ሴቶች አንዷ በፍልሰታ ጾም የተቀቀለ እንቁላል ይዛልኝ መጣች።

«ጾሙ ይቅርብሽ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «መድኃኒቱ ምግብ ይፈልጋል።»

«ኧረ መድኃኒቱ የሰባት ቀን ብቻ ነው፣ ሊያልቅም ነው።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ሰባት ቀን ብቻ ሰጡሽ?»

«ይበቃሻል ብላኛለች ዶክተሯ።»

እንቁላሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ወጣች። እኔም ለአንድ ሽፍታ እንዲህ ማልቀሷ ገርሞኝ፣ ምን ዓይነት ሩኅሩኅ ሴት ናት ብዬ በልቤ መረቅኋት። በማግስቱ ሌላዋ «ዛሬ እኮ እንደ ስኳር በሽታ ነው፤ ልጅ የወለዱ ሁሉ አሉ» ስትለኝ ነው የገባኝ። ቤት ስገባ ልጅቷን መጋረጃው ሥር አስቀመጥኳት።

«ስለ እኔ ለማን ተናገርሽ?»

«ለማንም። ለጸሎት ብቻ ነው ያቀረብኩት፣ ለኅብረታችን። ስምሽንም አልጠራሁም።»

«ምን ብለሽ አቀረብሽ?»

«‘ቫይረስ ላለባት ለአንዲት እህት ጸልዩ’ ብዬ።»

«ከዚያስ?»

«‘አንሶላ የምትተኩስ’።»

«ከዚያስ?»

«‘አብራኝ የምትኖር’» አለችና አንገቷን ደፋች። «‘ኦርቶዶክስ ብትሆንም’ ብያለሁ።»

«የቀረው ስሜ ነዋ።»

«እሱንማ ጠብቄልሻለሁ፣ እትዬ።»

ልቆጣት ነበር፤ ሳቄ ቀደመኝ። ሥቄ ስጨርስ ግን ወሬውን ማረሙ ከበደኝ። እየዞርኩ «የለብኝም» ልበል? የለብኝም ብሎ መማል በራሱ፣ ያለበትን ሰው ከሰው በታች ማድረግ መሰለኝ። ያልፋል ብዬ ዝም አልኩ።

ዝም ያልኩበት ሌላም ምክንያት ነበር። ጾሙ ተፈትቶ፣ የአልማዝ ቅርፊት ረግፎ፣ አዲስ ዓመት ሊገባ ሲል፣ ገላዬን ስታጠብ እጄ አንድ ነገር ላይ ዐረፈ። በዚያው በአልማዝ ጎን፣ ጡቴ ወደ ብብት በሚያዘነብልበት ጠርዝ ላይ፣ ባቄላ የምታክል ፍሬ። አትያዝም፣ አታመኝም፤ ስነካት ሸርተት ትላለች። ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ እስኪገባ ቆሜ ቀረሁ።

አክስቴ ትዝ አለችኝ። እኔ ልጅ እያለሁ ጡቷ በአንድ በኩል ቀልቶና አብጦ፣ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተሰርጉዶ ነበር። «ተቆጥቷል» አሉ። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ታሸ፤ ሰነበተ፣ አልበረደም። ሐኪም ቤት ስትደርስ ጊዜው አልፎ ነበር፤ ካንሰር ነው ተባለ። ያን ጊዜ በቤታችን የተያዘው ሐሳብ፣ ምቹ ነው ቆይቶ ወደዚያ የተለወጠው የሚል ነበር። እኔም ይህንኑ ይዤ አድጌአለሁ፦ መጀመሪያ ይቆጣል፣ ከዚያ ይለወጣል።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ጄኔሬተሩ ጠፍቶ መብራት እስኪመለስ ድረስ፣ ስልኬን አውጥቼ ስለ ቫይረስና ስለ ጡት ካንሰር ፈልጌ አነበብኩ። አንዳንድ ቫይረሶችና ቶሎ የማይበርድ ብግነት በጡት ካንሰር ውስጥ እጃቸው «ሊኖር ይችላል» የሚል አገኘሁ። በሥራዬ ጠንቃቃ ነኝ፤ አንድ የተኮማተረ ጠርዝ አያልፈኝም። ያን ቀን ግን «ሊ» የምትለዋን ዘልዬ፣ «ይችላል»ንም ዘልዬ፣ «አለ» ብቻ አነበብኩ። ወደ ክሊኒኩ ብመለስ ወሬውን ማረጋገጥ ይሆናል። ባልመለስ ደግሞ አክስቴን መሆን ነው። ስለዚህ ምንም ሳላደርግ ሁለት ሳምንት አንሶላ ተኮስኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ልብስ ሰፊዋ መጣች። ከቤተ ክርስቲያን የማውቃት፣ ዕድሜዋ ከእኔ ከፍ ያለ፣ ሸሪካት ሰፈር የስፌት ሱቅ ያላት ዝምተኛ ሴት ናት። የሆቴሉን የጠረጴዛ ልብስ የምትዘመዝመው እሷ ናት። የዘመዘመችውን ክምር አስረክባኝ እንደመሄድ በሩን ዘጋችው።

«ስንት ዓመት ሆነሽ?» አለችኝ።

«በምኑ፣ እትዬ?»

«በቫይረሱ። አትፍሪኝ፣ እኔም አለብኝ። ልጄን ካረገዝኩ ጀምሮ ነው፤ ይኸው ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሊጨርስ ነው። እሱ ነጻ ነው፣ እኔም መድኃኒቴን እየዋጥኩ ይኸው አለሁ። ብቻዋን ናት ብለው ስለነገሩኝ፣ ብቻሽን እንዳልሆንሽ ልነግርሽ ነው የመጣሁት።»

«እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። የእኔዋ አልማዝ ባለጭራ ናት።»

ሣቅ ጀመራት፤ ያች ዝምተኛ ሴት የተኮስኩት አንሶላ ክምር ላይ ቁጭ እስክትል ድረስ ሳቀች። አንሶላውን እንደገና ተኩሼዋለሁ።

«አየሽ ጉዴን፣ ስንት ዓመት የቋጠርኩትን ምስጢር ለአልማዝ ባለጭራ ፈታሁት» አለች።

«ከእኔ አይወጣም።»

«እሱንማ አውቃለሁ፤ ለዚያም ነው የመጣሁት። ግን አንቺ የእኔን ይዘሽ፣ እኔ ባዶ እጄን ልሄድ ነው።»

መቀለዷ ነበር። እኔ ግን ዕዳ መሰለኝ፤ ምስጢር ተሰጥቶኝ ምስጢር መንፈግ። ቀሚሴን ከትከሻዬ ዝቅ አድርጌ እጇን ይዤ ፍሬዋ ላይ አስቀመጥኩት። ሣቋ ቆመ።

«መቼ አገኘሻት?»

«አዲስ ዓመት ሊገባ ሲል።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለእግዚአብሔር።»

«እሱ ያውቃል። ለዶክተሯስ?»

የክፉውን በሽታ ስም ሳልጠራ፣ ስልኬ ላይ ያነበብኩትን ነገርኳት፤ ቫይረስ ወደዚያ ይለውጣል ይላል አልኳት።

«የቱ ቫይረስ?» አለችኝ።

ስልኬን ላወጣ ኪሴን ዳበስኩ።

«አየሽ፣ ቫይረስ ሲሉሽ ‘የቱ?’ በይ። እኔን ያን ጊዜ ሐኪሙ ሲነግረኝ ምንም ሳልጠይቅ ነው የወጣሁት። ለሞት ስዘጋጅ አንድ ዓመት ፈጀሁ። ለወጉ እንኳ ብዬ መግነዜን በራሴ መኪና ሰፍቼ ነበር።»

«የት አደረግሽው?»

«ጥሩ ጨርቅ ስለነበረ መስኮት ላይ ሰቀልኩት። መጋረጃ ነው አሁን።»

በማግስቱ ከሥራ አስፈቀድኩና ከእሷ ጋር በአንድ ቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ሳይክል፣ ተፈናጥጠን፣ ጭቃው እየረጨን ጁባ ና ባሪ ደረስን። ዶክተሯ ፍሬዋን እየዳሰሰች ሁሉንም ዘከዘክሁላት፦ አክስቴን፣ ምቹን፣ ስልኬ ላይ ያነበብኩትን። ልብስ ሰፊዋ ከጎኔ ሆና በክርኗ ጎሸመችኝ።

«የቱ ቫይረስ ነው ግን፣ ዶክተር?» አልኩ።

ዶክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ጥሩ ጥያቄ ነው። ካንሰር የሚያመጡ ቫይረሶች እንዳሉ በደንብ ይታወቃል፤ የማኅፀን በር ላይ የሚሠራ አለ፣ ጉበት ላይ የሚሠራ አለ። ጡት ላይ ግን ገና አልተቋጨም። የሚጠረጥሯቸው ጥቂት ቫይረሶች አሉ። አንዱ ተመራማሪ አገኘሁ ይላል፣ ሌላው ፈልጌ አጣሁ ይላል።»

«ብግነቱስ?»

«ለዓመታት የማይበርድ ብግነት ይጎዳል ብለው ያስባሉ። ሰውነት እየቆሰለ፣ ራሱን እየጠገነ ሲኖር፣ ጥገናው ላይ የሚሳሳትበት ጊዜ ይኖራል ነው ነገሩ።»

«እንደ ልብስ ነዋ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አንድ ቦታ ሁልጊዜ ሲጣፍ መርፌው አንድ ቀን ይስታል።»

«እንደሱ በይው። ግን እሱም ለጡት መጨረሻው የተነገረ አይደለም።»

«አልማዝስ?» አልኩ።

«አልማዝን በዚህ የከሰሳት ሰው እስካሁን አላውቅም።» ከዚያ ፊቷን ኮስተር አደረገች። «አክስትሽን ግን ስሚኝ። ምቹ ተለውጦ ላይሆን ይችላል። ካንሰሩ ራሱ ከመጀመሪያው ብግነት መስሎ የሚመጣበት ጊዜ አለ፤ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ቆዳው እንደነገርሽኝ ይሆናል። አላየኋትምና ነበር ማለት አልችልም። ብቻ እንዲህ ያለው በመድኃኒት ቶሎ ካልበረደ አይጠበቅም። ፍሬ ሲገኝም አይጠበቅም። አንቺ ስንት ጊዜ ጠበቅሽ?»

«ሦስት ሳምንት።»

«ማሌሽ» አለች በጁባ ዐረብኛ፤ አዝናለሁ እንደማለት ነው። ያዘነችው ለእኔ ይሁን ለሦስት ሳምንቱ አልገባኝም።

በአልትራሳውንድ አየችው፤ በቀጭን መርፌም ናሙና ወሰደች። መርፌው ሲገባ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ማለት ጀመርኩ፤ ሦስት ሳልደርስ አለቀ። ናሙናው ወደ ውጭ ስለሚላክ መልሱ ቀናት ይፈጃል ተባልኩ።

በእነዚያ ቀናት ነገሩን ከልጅቷ ደበቅሁ። አንድ ቀን ግን መጋረጃውን ገልጣ ገባችና፣ ስምም ዝርዝርም የሌለበት ጸሎት ልትጸልይልኝ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችኝም። ተንበርክካ ለመጀመሪያ ጊዜ በለሆሳስ ጸለየች። እኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣ ጮክ ብዬ አሜን አልኩ።

መልሱ መጣ ሲባል ከልብስ ሰፊዋ ጋር ሄድን። ዶክተሯ ወረቀቱን አንብባ ቀና አለች፤ ፈገግ ብላለች።

«ኩወይስ፣ ጥሩ ነው» አለች። «ዕጢ ነው።»

ፈገግታዋን አየሁት፤ ጆሮዬ ግን የያዘው «ዕጢ»ን ነው። እኛ ቤት «ዕጢ ነው» ከተባለ ዘመድ ይጠራል እንጂ ፈገግ አይባልም። ነጠላዬን ሰብስቤ ልነሳ ስል የልብስ ሰፊዋ ክርን እንደገና መጣ፤ አሁን ጠንከር ብሎ።

«የቱ ዕጢ?» አልኩ።

ዶክተሯ ግራ ገባት። «ዕጢ ስንት ነው? የሊምፍ ዕጢ። ማንም ሰው ያለው፣ ብብት ሥር፣ አንገት ላይ፤ አንዳንዴም እንዳንቺ ጡት ጠርዝ ላይ ይገኛል።»

«እኛ ዕጢ የምንለው ያንንም ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ክፉውንም።»

ዶክተሯ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «ታዲያ ሁለቱን በአንድ ስም ትጠራላችሁ? አማርኛችሁ ሰው ይገድላል። ካንሰር የለም። ዘበኛ ነው፤ አልማዝ ስታልፍ ተቆጥቶ ተነሳ፣ እሷ ሄዳ እሱ ገና አልተቀመጠም። በሦስት ወር ተመልሰሽ አሳዪኝ። ሌላ ፍሬ ካገኘሽ ግን በዕለቱ።»

ወጥተን ቦዳ ሳንጠራ ብዙ በእግራችን ሄድን። ጭቃ ነበር፤ ጫማችንን በእጃችን ይዘን ነው የተራመድነው። የሚያዩን ሴቶች ሳቁብን፣ እኛም አብረን ሳቅን።

ቤት ስገባ ሁሉንም ለልጅቷ ነገርኳት፤ የልብስ ሰፊዋን ምስጢር ብቻ አስቀርቼ። ደስታዋ ሌላ ነበር፤ ወዲያው ስልኳን አነሳች።

«ለኅብረቱ ልመስክር፣ እትዬ። ቫይረስ እንደሌለብሽ። የእኔ ጥፋት ነውና እኔው ላርመው።»

እሺ ልላት ነበር። ግን በዚያው ጠዋት ያች እንቁላል ያመጣችልኝ ሴት የጠየቀችኝ ትዝ አለኝ፦ «ከልብስ ሰፊዋ ጋር ክሊኒክ ስትገቡ አይተዋችኋል፤ እሷ ደግሞ ምን ሆና ነው?» እኔን ልታስታምም ነው ብያት ነበር፤ ያ መልስ የሚሠራው ግን እኔ ታማሚ እስከሆንኩ ድረስ ነው። የእኔ ስም ነጻ በወጣ ቀን፣ ዓይኑ ሁሉ ወደ እሷ ይዞራል።

«ተዪው» አልኳት።

«ሰዉ ግን አለባት ብሎ ሊቀር ነው።»

«ይበል። ምን ጎደለብኝ? ወንበር አገኘሁበት።»

ልጅቷ አየችኝ፤ አንድ ነገር እንዳለ ገባት፣ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቀችም። ስልኩን መልሳ አስቀመጠችው። እሑድ ከጸሎት ስትመለስ ምን ብላ እንደመሰከረች ጠየቅኋት።

«‘ስለ አንዲት እህት ጌታን አመሰግናለሁ’ ብዬ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ቁጭ አልኩ።»

ዘበኛው አሁን ተቀምጧል፤ በሦስተኛው ወር ስታይልኝ ዶክተሯ ፈልጋ ነው ያገኘችው። እንቁላሉም መምጣቱን አላቆመም፤ በረቡዕና በዓርብ ሲሆን ለልጅቷ አሳልፋለሁ። ይህን መጻፍ ስጀምር ልብስ ሰፊዋን ፈቃድ ጠየቅኋት። «ስሜን ተዪና ጻፊው፤ ‘የቱ?’ የምትለዋን ግን እንዳትረሺ» አለችኝ። ለገና ያንን የመስኮቷን መጋረጃ አጥባ አመጣችልኝ፤ ነጭ፣ ወፍራም ጥጥ ነው። እርጥብ ሳለ ተኮስኩት፤ አንድም መስመር ሳይቀርበት ቀጥ አለ።

«ጥሩ ጨርቅ ነው፣ ብዙ ዘመን ያገለግልሻል» አልኳት።

«እኔም ለዚያ ነው የገዛሁት» አለችና አጣጥፋ በብብቷ ይዛው ወጣች።